ቦትሮፕ የዋልኩበት ቀን

ዛሬ በጀርመን የሩር አካባቢ በምትገኘው ቦትሮፕ ዋልኩ። የአገሪቱ የመጨረሻው የጥቁር ድንጋይ ከሰል ማውጫ የነበረው ፕሮስፐር ሃኒል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2018 ሲዘጋ፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከጥልቁ ያወጡትን የመጨረሻውን ከሰል ለፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ያስረከቡት እዚሁ ነው።

ከከሰሉ ተለይቶ የተጣለው ድንጋይ ተቆልሎ ኮረብታ ሆኗል፤ አናቱ ላይ በ1995 የቆመው 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቴትራኤደር የተባለ የብረት ማማ አለ። ደረጃው ወንፊት መሰል ብረት በመሆኑ ከእግሬ በታች ያለው ባዶነት ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር፤ ነፋሱም መወጣጫውን በቀስታ ያወዛውዘዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የማይታየው ነገር ነው። ለብዙ ዘመን ከሥሩ ሲቦረቦር የኖረው መሬት በየቦታው ስለሰመጠ፣ አካባቢው በውኃ እንዳይጥለቀለቅ ፓምፖች ያለማቋረጥ መሥራት አለባቸው፤ ጀርመኖች ይህን «የዘላለም ግዴታ» ይሉታል። ከሰሉ ቀርቶ ዕዳው ለልጅ ልጅ መትረፉ ከልቤ አሳዝኖኛል።

ስወርድ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት «ግሉክ አውፍ!» አሉኝ። ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ሲገቡ በደኅና ውጡ ለመባባል የሚለዋወጡት ሰላምታ ነው። እኔም ቆብ ባይኖረኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩላቸው።