ዝናቡ የሰጠኝ ክፍለ ጊዜ

ዛሬ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዝናቡ ወረደ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን እንኳ አይሰማም። እኔ ኮርኒስ በሌለው ክፍል፣ 58 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት፣ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። ፊት ወንበር ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ጮኽኩ። ኋላ ያሉት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልሆነም።

ለማስተማር ልምምድ ከተመደብኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ዕቅድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእኔ ንግግር ነበር። ድምፄ ሲጠፋ ዕቅዱም አብሮ ጠፋ። ዞር አልኩና ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ደብተር ዝጉ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኦስሞሲስ የተማርነውን፣ የምታስታውሱትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። በፈለጋችሁት ቋንቋ።» ኦስሞሲስ የባዮሎጂ ትምህርታችን ርዕስ ነው፤ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት ወገን ሲሄድ ማለት ነው።

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ከደብተሯ ወረቀት ገነጠለች። ቀጥሎ ሁሉም። ለ20 ደቂቃ ያህል ከዝናቡ በቀር የተሰማ ነገር የለም። በወንበሮቹ መካከል እየተመላለስኩ አየኋቸው። አንዱ እስክሪብቶውን ነክሶ ጣራ ጣራውን ያያል። አንዷ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ግንባራቸው ተቋጥሯል። አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲለፉ አይቻቸው አላውቅም። እስከ ዛሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለፋ የኖርኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን መሽቷል። ወረቀቶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አንዳንዱን ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልጻፍ። ያንን ትምህርት ለማዘጋጀት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ላፕቶፔ ላይ ተተክዬ ነው የዋልኩት። የሚንቀሳቀስ ሥዕል አገኘሁ። ሰማያዊ ነጠብጣቦች፣ ማለትም ውሃው፣ በስስ ሽፋን አልፈው ቀይ ነጠብጣቦች ወደበዙበት ወገን ይሄዳሉ። ያምራል። ፕሮጀክተር ተውሼ ወሰድኩ። መብራት አልጠፋም፤ ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሄደ። ልጆቹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ቲቸር!» አሉ፣ ባንድ አፍ። ከክፍሉ ስወጣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። እዚሁ ጅማ ያለው መርካቶ ድረስ ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ።

የዛሬው ወረቀት ግን ሌላ ይላል። ከ58ቱ ውሃው ወደየት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ መግለጽ የቻሉት 11 ናቸው። ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ የሳሉት ከ30 ይበልጣሉ። ቀለሙን ያስታውሳሉ። አንዱ ፕሮጀክተሩን ራሱን ስሎታል፣ ከነገመዱ። ጥሩ አድርጎ ነው የሳለው።

በጣም ያሳዘነኝ ይህን ነገር አስቀድሜ ማወቄ ነው። ባለፈው ዓመት በኮርስ ተምሬዋለሁ። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ ስንቱን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የሰው ልጅ የያዘውን በፍጥነት ነው የሚረሳው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ይብሳል። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አነበበና ሦስት ጊዜ ሳያይ፣ ከራሱ አውጥቶ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አራት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው ያወጡት 61 በመቶ አስታወሱ።

ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ገጹን ስናየው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እንላለን። የሚታወቀው መልኩ ነው። «ገባችሁ?» ብዬ «አዎ» ሲሉኝ ልጆቹ አልዋሹኝም፤ የእውነት የገባቸው መስሏቸው ነበር።

ይህን ስጽፍ የ12ኛ ክፍል የወንበር ጓደኛዬ ትዝ ትለኛለች። የ2014ን ፈተና አብረን ነው የወሰድነው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ አለፍኩ። እሷ አላለፈችም። ከእኔ በላይ ታጠና ነበር። እውነቴን ነው፣ ከእኔ በላይ። ደብተሯ በሦስት ቀለም የተሰመረ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ታነበው ነበር። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ለታናሽ ወንድሜ ማስተማር እወድ ነበር፤ ደብተሬን ሳልይዝ። የፈተናው ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፣ በአንድ ነገር አላላክክም። ግን ይቆረቁረኛል። አጠናን እንዴት እንደሆነ ማንም አልነገረንም። «አጥኑ» ብቻ ነበር የምንባለው።

ስለ ቴክኖሎጂ ሳስብ ደግሞ ታላቅ እህቴ አለች። የፕላዝማ ትውልድ ናት። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ወደ ክፍሎች ሲገባ 9ኛ ክፍል ነበረች። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት። ሥዕሉ ጥራት አለው፣ የሳይንስ ሙከራው በቅርብ ይታያል። ላቦራቶሪ አይተው ለማያውቁ ልጆች ትልቅ ነገር ነበር። እህቴ አሁንም ስለ ልብ አሠራር ያየችውን ታወራለች። ግን ሁሌ የምትለው ነገር አላት፦ «ጥያቄ ይሰጠንና ሰዓት ይቆጥራል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን እሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ቲቸራችን ዳር ቆሞ ያየናል። ማስቆም አይችልማ።»

ያ መምህር ብዙ ጊዜ ይታየኛል። ትምህርቱን ያውቃል። ልጆቹን ያውቃል። ማን እንዳልገባው ፊታቸው ላይ ያነባል። ግን ቁልፉ በእጁ የለም። ባለፈው ሳምንት የእኔ ቁልፍ በእጄ ነበር። ማስቆም እችል ነበር። ሳላስቆም ጨረስኩት።

ከቤታችን ወደ ጅሬን አቅጣጫ የሚኖር የጎረቤት ልጅ አለ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቁርኣን ይቀራል። ሉሁን ታቅፎ ሲሄድ ሁሌ አየዋለሁ። ሉህ ማለት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ጥቅሱ በቀለም ይጻፍበታል፣ ልጁ ይዞት ይደጋግማል። ኡስታዙ ፊት ሳያይ ካልወጣው ሰሌዳው አይታጠብም። ከወጣው ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ድሮ እንደ ልማድ ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ማታ ስለዚያ እንጨት ብዙ አሰብኩ። ሰሌዳው ቶሎ ባዶ እንዲሆን ነው የተሠራው። ጽሑፉ የሚጠፋው ልጁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ገባ አልገባ የሚለውም እዚያው ይታወቃል።

አያቴ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ የኔታ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል ይል ነበር። የሰው ቅኔ ሰምቶ ብቻ ቅኔ ተማርኩ የሚል የለም። መሸምደድ ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። በቃሉ ወጥቶት ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ሞልቷል፣ በእኛም ትምህርት ቤት። ግን እነዚህ ሁለቱ ቤቶች አንድ ነገር አይዘነጉም፦ ልጁ ራሱ ማውጣት አለበት።

ቋንቋው ራሱ ይህን ይናገራል። «አስተማረ» የሚለው ከ«ተማረ» ነው የወጣው፤ እንዲማር አደረገ ማለት ነው። ኦሮምኛውም እንደዚያው ነው፤ «በረቹ» መማር፣ «በርሲሱ» ማስተማር። በሁለቱም ሌላው ሰው ካልተማረ ማስተማር የሚባል ነገር የለም። እኔ ባለፈው ሳምንት ምን ሳደርግ እንደነበር እንግዲህ ስም ልፈልግለት።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ፣ የዛሬዎቹ ወረቀቶች ግማሽ ያህሉ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ናቸው። ጥቂቱ በአማርኛ፣ የቀረው ደግሞ ተቀላቅሎ። ባዮሎጂን የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር ይመልሱልኛል፣ ቃል በቃል። ዛሬ በቋንቋቸው ሲጽፉ ግን አንዷ እናቷ ባቄላ ስትዘፈዝፍ ለምን እንደሚያብጥ ጻፈች። አንዱ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃ እንደሚያቁር ጻፈ። ይህንን ማን አስተማራቸው? ከቤታቸው ይዘውት መጥተው ኖሯል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛውን መተው አልችልም። መጀመሪያ ግን በገዛ ቋንቋቸው ቢከራከሩበትና ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ብናሻግረው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አማካሪ መምህሬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። 30 ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጥያቄ ጠይቀሽ ስንት እንደምትጠብቂ ቆጥሬልሻለሁ። አንድ ሰከንድ። ከዚያ ራስሽ ትመልሺዋለሽ።» ደነገጥኩ። ኋላ ሳነብ ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከዛሬ 50 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ አግኝታለች። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ልጆች መናገር ይጀምራሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት አይጠይቅም። ግን ከባድ ነው። ሦስት ሰከንድ ዝምታ 58 ሰው ፊት እንዴት እንደሚረዝም የቆመበት ያውቀዋል። ዛሬ ዝናቡ 20 ደቂቃ አስጠበቀኝ።

ቴክኖሎጂን ጠልቼ እንዳይመስል። መጽሐፍ ያልደረሳቸው ልጆች በቴሌግራም ፒዲኤፍ ተቀባብለው ነው የሚያነቡት። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ተማሪዬ የወንድሙን ስልክ ማታ ማታ ተውሶ ያነባል። ያ ስልክ ባይኖር ያ ልጅ መጽሐፍ የለውም። ሥዕሉንም ቢሆን አልጥለውም። ውሃ በሽፋን ሲያልፍ በዓይን አይታይምና ማሳየቱ ይጠቅማል። የተሳሳትኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ልጆቹ ገና ሳይጠይቁ መልሱን በቀለም አቀረብኩላቸው።

የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚያደርገውን አሁን ደግሜ አሰብኩበት። ጥያቄ ያቀርባል፣ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን መልስ ይመርጣል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እንደገና ይመርጣል። አሁን አሁን ለምርጫው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሚጠቀሙ አሉ። እኛ ጣት አለን። ደረት ላይ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፤ ጎረቤት እንዳያይ። እኔ ከፊት ቆሜ በአንድ እይታ 58ቱንም አያለሁ።

ስለዚህ ለነገ ዕቅዴን ቀየርኩት። ከመርካቶ ድንች ገዝቻለሁ። አንዱን ቁራጭ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን የጨው ውሃ ውስጥ። የትኛው ይለሰልሳል? መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ክርክር፣ ከዚያ ድንቹን መንካት። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ሲፈልጉት። አማካሪ መምህሬ «ክፍለ ጊዜው አይበቃሽም» ማለታቸው አይቀርም። ምናልባት ልክ ናቸው። ግማሹን ይዘት ልተው ይሆናል። ይህ እስካሁን ያልተፈታልኝ ነገር ነው፤ መጽሐፉ አያልቅልኝም፣ ፈተናው ደግሞ መጽሐፉን ሙሉ ይጠይቃል።

አንድ ወረቀት ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። መስኮቱ ጋ የምትቀመጥ ልጅ ናት። አምስት ሳምንት ሙሉ እጇን አንድ ቀን አላወጣችም። ስለ ነጠብጣብ ምንም አልጻፈችም። በአፋን ኦሮሞ ሦስት መስመር ብቻ አለ፦ ጨው ውሃን ከሳበ ባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ እንዴት አይደርቅም?

መልሱን አውቀዋለሁ። አብዛኛው የባሕር ዓሣ የእውነት ውሃ ያጣል። ለዚህ ነው ባሕሩን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ፣ የሚያስወጣው። ወረቀቷ ጥግ ላይ ልጽፍላት እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ ሰሌዳ ላይ ጥያቄዋን እጽፈውና እጠብቃለሁ። ስሟን ልጥራ አልጥራ ገና አልወሰንኩም። ጠዋት ቀድሜ እጠይቃታለሁ።

ድንቾቹን ለሙከራ ከምሽቱ ጀምሬ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ ልትደፋቸው ነበር። «ምንድነው ይሄ?» አለችኝ። «የትኛው የሚለሰልስ ይመስልሻል?» አልኳት። ቆም ብላ አሰበች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኳት።