ጎንደር ላይ ጭምብል አይሠራም

ባለፈው ክረምት ቱሪስቱ ጠፍቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። አስጎብኚ ነኝ፣ ፋሲል ግቢ። ማታ ማታ ዝናቡ ይመጣል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ የሚቀሩኝ ሻማና የእህቴ ልጅ ናቸው። 11 ዓመቷ ነው። መሳል ትወዳለች፣ ዝም ማለት ግን አትችልም። አንድ ማታ «እትዬ፣ የሚበሩት ሁሉ ለምን ፈረንጅ ሆኑ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያው አንች ሳይ፣ እኔ ልጻፍ፣ የራሳችንን እንሥራ» አልኳት።

ስሟን ትንግርት አልናት። ስሙ ላይ ቶሎ ተስማማን። ኃይሏ ላይ ግን ሦስት ማታ ተጨቃጨቅን።

እኔ ንብ አልኩ። ጎንደር ያደገ ሰው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ነገር ያውቃል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥል ሥላሴ የተረፈችው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን ስላባረረ ነው ይባላል። ለስንቱ እንግዳ ተርኬዋለሁ። ንቦቹ የሚታዘዟት ልጅ ብትሆንስ? በሐሳቤ ኮራሁ። ልጅቱ እርሳሷን ነከስ አድርጋ አሰበችና «ታዲያ ጀግኖቹ ንቦቹ ናቸው እንጂ እሷ ምን ሠራች?» አለች። ንቡ በዚሁ ቀረ።

መብረርም አልቆየም። ከፋሲል ግንብ አናት ላይ ትነሳ አልኩ፣ 32 ሜትር ነው፣ ለመነሻ አያንስም። «ከዚያ የት ትሄዳለች?» ጎሃ ደርሳ ትመለስ። «ለዚያማ ባጃጅ አለ።»

በመጨረሻ ጉልበት ላይ ተስማማን። ትንግርት አይሱዙ በአንድ እጇ ታነሳለች፣ በቃ። ልብሷ ላይ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። እኔ ካባ ይኑራት አልኩ፣ ካባ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ቄሱም ሙሽራውም ይለብሰዋል። «ሙሽራ ትመስላለች፣ እንዲያገቧት አልፈልግም» ብላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ኮንጎ ጫማ አለበሰቻት። እውነቷን ነው፣ ዳገት ለመውጣት ከካባ ኮንጎ ይሻላል።

ችግሩ የመጣው ጭምብሉ ላይ ነው።

ሰሞኑን ስለ ሱፐርገርል እያነበብኩ ነበር። በኮሚክ ገጽ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የሱፐርማን የአጎት ልጅ ናት፣ እሱ ከወጣ ግን ያኔ 21 ዓመት አልፎታል። ዘመዱ ናትና አደባባይ ያወጣታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? ደበቃት! ወርቃማ ጸጉሯ ላይ ቡናማ ዊግ አጥልቃ፣ ስሟ ሊንዳ ሊ ተብሎ፣ ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ገባች። ጉልበት ሞልቷታል፣ ትበራለች፣ ግን ሠልጥነሽ ብቁ እስክትሆኝ ድረስ ማንም እንዳያውቅ ተባለች። እናም ልጅት ሰው ታድናለች፣ ሮጣ ትደበቃለች፣ እንደገና ታድናለች፣ እንደገና ትደበቃለች። ለዓለም በይፋ የታየችው በ1962 ነው። እሱን ግን ማን «እስቲ መጀመሪያ እንይህ» አለው?

ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ትንሽም ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ቀናሁባት። ቢያንስ መደበቂያ አላት። ጎንደር ላይ ዊግ አጥልቀሽ ከቤት ብትወጪ የመጀመሪያው ሱቅ ሳትደርሺ «አንች የእገሌ ልጅ፣ ጸጉርሽን ምን ነካው?» ትባያለሽ። ጭምብል ብታደርጊ በአረማመድሽ ያውቁሻል። ባያውቁሽ እንኳ ሮጠሽ ለማምለጥ ጊዜ የለሽም፣ የሞተ ሰው ብታስነሺ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነሽ?» ነው። የኛ ሰፈር ጀግና ራሷን የምታስመሰክረው ለማያውቋት ሰዎች አይደለም። ንፍጧን ሲጠርጉላት ለኖሩ ሰዎች ነው። ከአይሱዙው የሚከብደው እሱ ነው።

እኔ ኃይል የለኝም፣ ግን ነገሩን ትንሽ አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንግዶች ተቀብዬ፣ ሰላም ብዬ፣ ስሜን ነግሬ ስጨርስ «አስጎብኚው መቼ ነው የሚመጣው?» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። እኔም እልህ ይይዘኝና የማውቀውን ሁሉ እዘረግፍባቸዋለሁ፣ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆረው በ1628 ዓ.ም. ነው፣ የግቢው አጥር 900 ሜትር ነው፣ ይሄ የኢያሱ ነው፣ ያ የበካፋ ነው፣ ትንፋሽ የለም። ወንዱ ባልደረባዬ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ግማሹን ግቢ ያልፋል፣ ጉርሻውም አይቀርበትም። እኔ መቀለድ የጀመርኩት ዓመተ ምህረቱን ሁሉ ከሸመደድኩ በኋላ ነው።

እቴጌ ምንትዋብንም ተመልከቱ። የበካፋ ሚስት ነበረች፣ እሱ ሲሞት ከልጇ ከኢያሱ ጋር ዘውድ የጫነች፣ አገር ያስተዳደረች፣ ቁስቋምን ያሠራች ሴት ናት። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ። በሰው አፍ የቀረው ግን የትኛው ነው? ምን ትዋብ! ወሬው ሲጀመር ከመልኳ ነው የሚጀመረው፣ ግንቡ በኋላ ይደረስበታል። እኔ ሳስጎበኝ ከግንቡ እጀምራለሁ። መልኳን ከፈለጉ ይጠይቁኝ።

ወደ ትንግርት ልመለስ። የመጀመሪያው ታሪክ እንዲህ ነው። ከፒያሳ ወደ ታች የሚወርድ ባጃጅ ፍሬን እምቢ ይለዋል። ውስጡ ሦስት ሰውና አንድ ዶሮ አለ (ዶሮዋ የእህቴ ልጅ ሐሳብ ናት፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም)። ትንግርት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታየዋለች፣ ቁልቁለቱ መሐል ትቆማለች፣ በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ትይዘዋለች። ኮንጎዋ አስፋልቱ ላይ ይጨሳል። ባጃጁ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። እልል ተባለ።

እዚህ ላይ ልጅቱን «ቀጥሎ ሰው ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳታመነታ ነገረችኝ። ሹፌሩ ወርዶ መሬት ስሞ «መድኃኔዓለም አተረፈኝ» ይላል። አንዷ ሴትዮ የያዘችው ዶሮ ለስለት ስለነበር ነው ትላለች። አንዱ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን ራሱ ይመለሳል ብሎ ያብራራል። ትንግርት ቤቷ ስትደርስ እናቷ «ይሄን ዩኒፎርም ምን አስነካሽው?» ትላታለች። ማታ ወሬው ይደርስና በማግስቱ ሌሊት በ11 ሰዓት ጠበል ትወሰዳለች።

ከሻማው ጋር ልወድቅ ነበር በሳቅ። ግን እኮ ልክ ናት። እኛ ዘንድ ከሰው የተለየ ጉልበት ያላት ልጅ መጀመሪያ የምትባለው ጀግና አይደለም፣ «ምን ነክቷት ነው?» ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የውሃ ነው። ጎንደር የኖረ የውሃን ነገር ማስረዳት አያሻውም፣ ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን የምንጠብቀው እንደ በዓል ነው። ትንግርት ከወንዝ እየቀዳች ለሰፈሩ ታመላልሳለች፣ ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን አሥሩን በአንድ ጊዜ፣ 200 ኪሎ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ተመረቀች። በሁለተኛው ቀን ተመሰገነች። በሦስተኛው ቀን ጄሪካኑ በሯ ላይ ተሰልፎ አደረ። በአራተኛው ቀን አንዷ ጎረቤት «ዛሬ ምነው አረፈድሽ?» አለቻት።

ይሄኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ብዙም አላሳቀኝም። ወንድ ልጅ 200 ኪሎ ቢያነሳ ስሙ ይወጣለታል፣ ይዘፈንለታል። ሴት ልጅ ካነሳች ደግሞ «ታግዛናለች» ነው። የሕንፃ ሥራ ቦታ ሲያልፉ እዩ እስቲ፣ ባሬላ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክመው ደረጃ በሌለው ፎቅ የሚወጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ አንዳንዷ ጀርባዋ ላይ ልጅ አለ። ኃይሉማ ድሮም ነበር። እንደ ኃይል የቆጠረው ነው የጠፋው።

«እና እንዴት ጀግና መሆኗ ይታወቅ?» አለች የእህቴ ልጅ። ይሄ ጥያቄ ሁለት ማታ ወሰደብን። እኔ ጋዜጠኛ ይምጣ አልኩ። ሽልማት ይሰጣት አልኩ። አልተቀበለችኝም። ከዚያ ስለ ፉከራ ነገርኳት፣ በኛ አገር ጀግና ሌላ ሰው እስኪያሞግሰው አይጠብቅም፣ ተነስቶ ራሱ የሠራውን ይናገራል አልኳት። ዓይኗ በራ። «ሴትም ትችላለች?» ለምን አትችልም፣ አፍ አላት። አስቤበት ግን አይደለም፣ እኔ ራሴ በሠርግም በበዓልም ሴት ስትፎክር ያየሁት ጥቂት ነው፣ የኛ ድርሻ እልልታው ነው።

ወረቀቷን ይዛ ጥግ ሄደች። ስትመለስ ሁለት መስመር ይዛ መጣች፣ ወንበር ላይ ወጣችና ሰፈሩን በሚያነቃ ድምፅ ለቀቀችው፦

ዘራፍ!
የጄሪካን አለቃ፣ ባጃጅ አቋሚ፣
ቁልቁለት ላይ ፍሬን፣ ዳገት ላይ ተሸካሚ!

እናቴ ማዕድ ቤት ነበረች። «ማነው ቤቴ ውስጥ የሚፎክረው?» እያለች ወጣች። ሻማውን፣ ወንበሩን፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን አየች። በቃ አበቃልን አልኩ በልቤ፣ እናቴ ሴት ልጅ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ አትወድም፣ እኔን በዚህ ነው ያሳደገችኝ። ልጅቱም ገባትና ልትወርድ አንድ እግሯን አወረደች።

«ቆይ» አለች እናቴ። «እጅሽ ባዶ ነው። ፉከራ በባዶ እጅ አይፎከርም።»

ወጥ የነካውን ማማሰያ አቀበለቻት።