ክረምትን በሐረርጌ፦ የዘንድሮ የጉዞ ፕሮግራሜ እና ለምትመጡ ሁሉ የምነግራችሁ

ጀመዓው እንዴት ከረማችሁ አቦ! ሰኔ 30 አለፈ፣ ልጆች ካርዳቸውን ተቀበሉ፣ የአክስቴ ልጆችም ከአዲስ አበባ "መቼ እንምጣ መቼ እንምጣ" እያሉ መቀመጫ ነስተውኛል። ስለዚ ቁጭ ብዬ የዘንድሮን የክረምት ፕሮግራም አወጣሁ፣ እናንተም መንገድ ወዳድ ስለሆናችሁ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። ወደኛ ወደ ምሥራቅ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛው አንድ ማታ ሐረር ያድራል፣ ጅብ ያያል፣ በማግስቱ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭና ለውዝ በፌስታል ቋጥሮ ይመለሳል፣ በቃ ሐረርጌን አየሁ ይላል። ይሄ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ሀገሩ እኮ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከድሬ (ድሬዳዋ) ተነስታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ ጃኬት የምትፈልጉበት፣ ከዛ ሐረርን አልፋችሁ ወደ ባቢሌ ስትወርዱ መልሶ ቆላ የሚሆን ሀገር ነው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ሩጫ አይታይም። ቀስ በሉ፣ ድሬም እደሩ፣ ሐረርም እደሩ፣ ጊዜ ካላችሁ ከዛም አልፋችሁ ሂዱ።

"ክረምት ላይ ምን ጉዞ አለ፣ ጭቃ ነው" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኛ ጋ ዝናቡ እንደ ጎጃም ቀኑን ሙሉ አይጥልም፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት ብራ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ወይ ማታ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ጉዟችሁን በሙሉ በጠዋት አድርጉት፣ ከምሳ በኋላ ረጅም መንገድ አትጀምሩ። ደጋው ደግሞ እንደ ሐምሌና ነሐሴ የሚያምርበት ጊዜ የለም፣ ከደንገጎ እስከ ሐረር ግራ ቀኙ ማሽላና በቆሎ ነው፣ በመንገዱ ዳር ልጆች በለስ ልጠው በሳህን ይሸጣሉ፣ ድሬም ብትሆን ማታ ዝናብ ከጣለላት ትቀዘቅዛለች።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፣ ምርጫችሁ ባቡር ወይ አውቶብስ ወይ አውሮፕላን ነው። እኔ ለአክስቴ ልጆች ባቡር ነው ያልኳቸው። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፣ የድሮው ባቡር በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፣ በባቡር መግባት ይገባታል። አዲሱ መስመር በ2010 ነው መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፣ የመነሻ ቀንና ሰዓቱ ስለሚቀያየር ትኬት ስትቆርጡም ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀንም ደግማችሁ አረጋግጡ። ምግብና ውሃ ይዛችሁ ግቡ፣ የመስኮት ወንበር ያዙ፣ መተሐራ አካባቢ በሰቃ ሐይቅና ፈንታሌ ተራራ ይታያችኋል። ድሬ ስትደርሱ ደግሞ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ መሀል ከተማ ያለው ለገሃር የድሮው ነው፣ ስለዚ ባጃጅም ይሁን ሚኒባስ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። በአውቶብስ ከሆነ መንገዱ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ በጨርጨር ተራሮች ላይ ነው የሚመጣው፣ በጣም ያምራል ግን ክረምት ላይ ጉም አለበት ጥምዝምዙም ብዙ ነው፣ ሆዱ የሚረበሽበት ሰው ባዶ ሆዱንም ጠግቦም እንዳይሳፈር፣ ማታ የሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ በፍጹም አትግቡ።

ድሬ ላይ ጠዋት ማለት ፈጢራ ነው። በእንቁላል ወይ በማር፣ ከጎኑ ሻሂ በወተት፣ ባለሙያው ሊጡን እየወረወረ እንደ ጨርቅ ሲያሳሳው እዛው ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ልጆች ይደሰታሉ። ከዛ ፀሐይ ሳይከር ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በእግር ዞሩት፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላ የሚጥሉ ትላልቅ ዛፎች፣ የድሮ የፈረንሳይ አሠራር ቤቶች። ከዚራን ስትጨርሱ ድልድዩን ተሻግራችሁ መጋላ ግቡ፣ ቀፊራ ገበያ እዛ ነው፣ ኦሮሞው ሶማሌው ሐረሪው አማራው ጉራጌው አንድ ቦታ ላይ በሦስት በአራት ቋንቋ ሲገበያይ ትሰማላችሁ። የድሮው ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕም አለ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ፣ ያረጁት ፉርጎዎችና ማሽኖች ከነ ዘይት ሽታቸው አሉ፣ ብረት የሚወድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊውልበት ይችላል።

ከምሳ በኋላ ግን ምንም ነገር አታቅዱ። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ወይ ይተኛል ወይ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ከተማዋ እንደገና የምትነቃው 10 ሰዓት አካባቢ ነው። እናንተም ተኙ አቦ፣ ለምን ትቃጠላላችሁ።

አሁን ቁምነገሩ። ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው አሸዋ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እንግዳ ሲያየው ወንዝ አይመስለውም። ነገር ግን ውሃው የሚመጣው እላይ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ከሚዘንበው ነው፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ሰማዩ ኮከብ እያሳየ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት የሆነው ይሄ ነው፣ ሌሊት ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን፣ ድሬ ያን አልረሳችም። ስለዚ ክረምት ላይ የምትመጡ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች የያዛችሁ፣ በላያችሁ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በደቡብ በኩል ያለውን ተራራ እዩ፣ እዛ ከጠቆረ አሸዋው ውስጥ አትግቡ፣ መኪናም አታቁሙ፣ በድልድይ ዙራችሁ ሂዱ። ነዋሪው "ውጡ" ካላችሁ ለምን ሳትሉ ውጡ።

ሌላው ትንኝ ነው። ሰው የወባን ትንኝ ብቻ እያሰበ ማታ ማታ አጎበር ይዘረጋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ድሬ ላይ ደንጊና ችኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው። በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ ከተማውን ቤት ለቤት አዳርሶት ነበር፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙን ያየ ሰው አይረሳውም። የሚቀባ መከላከያ ያዙ፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ልበሱ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በራሳችሁ ኪኒን ከመዋጥ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወደ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ከመናኸሪያ እየሞላ ይወጣል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ወደ ቀኝ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ ወደ ግራ ሐረር። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ፣ እንደ ታኅሣሡ ባይሆንም መንገዱ ይጨናነቃል፣ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ያን ሰሞን መንገድ አትውጡ፣ ለበዓሉ ከሆነ ግን ማደሪያችሁን አስቀድማችሁ ያዙ። አወዳይን ስታልፉ ደግሞ የጫት አይሱዙዎች በጣም ነው የሚፈጥኑት፣ የራሳችሁን መኪና የምትነዱ ከሆነ ጥግ ያዙና አሳልፏቸው።

ሐረር ላይ ምክሬ አንድ ነው፣ ጁገል ውስጥ እደሩ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው ግንብ ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ያለው መደብ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ግድግዳው ላይ ስፌቱና የእንጨት ገበታው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፣ መደቡ አምስት ነው፣ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው፣ እንግዳ ከሆናችሁ የቤቱን እናት "እናቴ የት ልቀመጥ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ያስረዷችኋልም። ሌሊት ጅቦቹ በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል፣ ንጋት ላይ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይነሳል፣ ግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ሆቴል ያደረ ሰው ይሄን አያገኘውም።

ጠዋት በሸዋ በር ግቡና ዝም ብላችሁ ተራመዱ፣ ቢጠፋባችሁም ችግር የለም፣ የትኛውም መንገድ ወይ ፈረስ መጋላ ወይ አንዱ በር ጋ ያወጣችኋል። ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መኪና ግርግር፣ የሸሪፍ ሙዚየም፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት የሚባለው፣ እነዚህን አትለፉ። ዓርብ ከሰዓት በፊት ጨርሱ፣ የጁምዓ ሰዓት ላይ ብዙው ይዘጋል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ በተለይ ገበያ ላይ ያሉ እናቶችን፣ "አይ" ካሉ ተዉት። ጅብ ማብላቱ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀመረው፣ ልጆች የሚፈሩ ከሆነ አታስገድዷቸው፣ ከሩቅም ይታያል።

ከሐረር ባቢሌ ቅርብ ነው፣ ለውዙን ከምንጩ የምትገዙት እዛ ነው። ከባቢሌ አለፍ ብሎ በጅግጅጋ መንገድ ላይ ዳካታ የሚባለው ሸለቆ አለ፣ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደርቦ በአንድ ጫፍ ብቻ የቆመ፣ ነፋስ ቢነካው የሚወድቅ የሚመስል፣ አስፋልቱ መሀሉን ስለሚያልፍ ከመኪና ወርዳችሁ ታዩታላችሁ። የዝሆን መጠለያው ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥቋጦና ሸለቆ ነው፣ ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል እንደ ወቅቱ ይዘዋወራሉ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) አይገባም፣ መግባትም የለበትም፣ ምክንያቱም ዝሆኖቹ ከሰው ጋር ብዙ ተጎዳድተዋል፣ በእግር ሰው ሲቀርባቸው ይቆጣሉ። ማየት ደግሞ ዋስትና የለውም። የአክስቴን ልጆች ለዚህኛው አልወስዳቸውም፣ ትንሽ ይደጉ።

ለራሴ ያስቀመጥኩት ቁንዱዶን ነው። ጉርሱም ላይ፣ ከፉኛን ቢራ በላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ፣ አናቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች ይኖራሉ። ሐምሌ ላይ አይሞከርም፣ አቀበቱ ያንሸራትታል ጉሙም አናቱን ይሸፍነዋል፣ ስለዚ እንግዶቼን ከሸኘሁ በኋላ ጳጉሜ ላይ ወይ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ነው ያሰብኩት፣ ያኔ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው መንገዱ ግን ይደርቃል። ከአካባቢው መሪ መያዝ ግዴታ ነው፣ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ሐረር ላይ ጠይቁ፣ ቴሌብር እዛ ድረስ ላይሠራ ስለሚችል ካሽ ያዙ፣ ጫማ የሚይዝ፣ ዝናብ ልብስ፣ ሁለት ሊትር ውሃ በሰው። አብራችሁኝ መውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አሳውቁኝ፣ መኪናውን ተካፍለን እንይዘዋለን።