«አንዲት ፊደል ናት»

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ኮፒው ሰበብ ነው እንጂ ውሎዬ የሰውን የንግድ ምዝገባ ኦንላይን ስሞላ ነው። እንዳየሁት ከሆነ፣ ብዙ ሰው ስለ ንግድ ስሙ የሚጠይቀው ታፔላውን ካሠራ በኋላ ነው።

ከደብረ ሲና የመጡትን እትዬን ልንገራችሁ። ደብረ ሲናን ታውቋታላችሁ፤ መንገደኛ ቆሎ ሳይገዛ አያልፋትም። እሳቸውም ዓመታት በመኪና መስኮት ሲሸጡ ኖረው፣ አሁን አሽገው ለአዲስ አበባ ሱቆች ሊያስረክቡ ነው። ማሸጊያ ላስቲኩን አሳትመው ጨርሰዋል። መሃሉ ላይ የገብስ ዛላ፣ ከላይ በትልቁ «ደጋ ቆሎ»። እውነት ለመናገር ያምራል።

ስሙን ባስገባው የሚመሳሰል ቀድሞ ተመዝግቧል።

«ታዲያ ‹የደጋ ቆሎ› እንበለዋ! አንተ ልጅ፣ እስኪ እስክሪብቶ አምጣ። አንዲት ፊደል ናት፣ በእጄ እጨምራታለሁ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳኋቸው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁ፣ ቁጥር 980/2008፣ የሚከለክለው ቁርጥ ያንኑ ስም ብቻ አይደለም። ገዢን የሚያሳስት ተቀራራቢ ስምም አይመዘገብም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስምም አይሆንም። የታዋቂ ሰው ስምም ያለ ፈቃዱ አይሆንም፤ የአትሌት ስም ይዞ ሆቴል ልክፈት የሚል ደግሞ አይጠፋም።

ልጃቸው ከጎን ሆኖ «ፒኤልሲ እናድርገዋ!» ይላል። ይቻላል፤ በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ግን የማኅበርም ስም መጣራቱ አይቀርም። ለእናቱ የግለሰብ ንግድ ይበቃቸዋል ብዬ ዝም አሰኘሁት።

እትዬ ትንሽ አሰቡና የእናታቸውን ስም ከደብረ ሲና ጋር አጋጠሙት። ወዲያው አለፈ። ቲን ቁጥሩ፣ ምዝገባው፣ ፈቃዱ በየተራቸው ተከተሉ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካኝም?» አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የንግድ ስም አንድ ነገር ነው፤ ላስቲኩ ላይ ያለው ምልክት ሌላ። ምልክቱን የሚመዘግበው አዲስ አበባ ያለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ 501/1998። ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል።

«ሌላ ወረቀት!» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በአሮጌው ላስቲክ ላይ ስቲከር ለመለጠፍም አስበው ነበር። ሒሳቡ ከአዲስ ኅትመት በለጠባቸው። አታሚው ደውሎ ቀብድ ሲጠይቃቸው እዚሁ እኔ ፊት ነበሩ። «ቆይ እንጂ፣ ወረቀቱ እጄ ይግባ» ብለው ዘጉበት።