የእናቴን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ

እናቴ የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ። መጻፍ ስለማይቀናት ላለፉት አራት ዓመታት ልትነግረኝ የፈለገችውን ሁሉ በቴሌግራም በድምፅ ስትልክልኝ ኖራለች። ባለፈው ክረምት መልእክቶቹን ስቆጥራቸው 140 ደርሰው አገኘኋቸው። ገሚሱ የዘመድ ወሬና ምርቃት ነው፤ የቀረው የጠላ አጠማመቅ፣ የበርበሬ አዘገጃጀትና የልጅነቷ ታሪክ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጌሾው ስንት ቀን እንደሚቆይ ለማወቅ ስፈልግ ከአንዱ መልእክት ወደ ሌላው እየዘለልሁ ግማሽ ሰዓት ማዳመጥ ነበረብኝ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ፍለጋ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ያሰብሁት በእጄ ያለውን መጠቀም ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ አካትቶታል፤ ሆኖም መጻፊያው ሰው በቀጥታ ሲናገር ለመጻፍ እንጂ ተቀርጾ የቆየ ፋይል ለመቀበል የተሠራ አይደለም። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገደማ የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ የመቀየር አገልግሎት ሲያስተዋውቅ አማርኛ ከቋንቋዎቹ መካከል አልነበረም። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ ሦስት መተግበሪያዎችን ወሰድሁ። እንዲህ ካሉት በርካታዎቹ የሚሠሩት ኦፕንኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በነጻ በለቀቀው ዊስፐር በተባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል ነው። ሞዴሉ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ሲሆን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛን ጨምሮ 96 ሌሎች ቋንቋዎች በጋራ የደረሳቸው 117,000 ሰዓት ብቻ ነው። በመሆኑም እንከን የሌለው ጽሑፍ አልጠበቅሁም። የፈለግሁት ስሕተቱ የት እንዳለ የማይደብቀኝን ነው።

ለመፈተኛ የመረጥሁት እናቴ ስለ ጠላ የምትናገርበትን የስድስት ደቂቃ መልእክት ነበር፤ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ አሻሮ፣ እንኩሮ የሚሉት ቃላት በሙሉ አሉበት። አንደኛው መተግበሪያ «እንኩሮ»ን «እንቁላል» ብሎ ጻፈው። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው ስላልጎደለው ጠላ ሲጠመቅ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢያነበው በእርግጥ እንቁላል ይገባበታል ብሎ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ጽሑፉን ካወጣ በኋላ ድምፁን ይሰርዘዋል። ሦስተኛው የሚሳሳተው ከሁለቱ ባላነሰ ሁኔታ ነው፤ ነገር ግን አንድን ቃል ስነካው የእናቴ ድምፅ ልክ ከዚያች ቃል ይጀምራል፣ የተጠራጠረበትንም ቃል በቢጫ ቀለም ይለያል።

ይህ ለአማርኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ነው። ጽሑፉ «ይህኛው ገና ሲደርስ የሚጠጣ ነው» ይላል፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም። ነገር ግን «ገና» ላልቶ ከተነበበ ጠላው እንደ ደረሰ ወዲያው ይጠጣል ማለት ነው፤ «ና» ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ የሚጠጣው ለገና በዓል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ከወረቀቱ ላይ መለየት አይቻልም፤ ምላሹ ያለው ድምፁ ውስጥ ብቻ ነው። ድምፁን ጥሎ ጽሑፉን ብቻ የሚያስቀር መተግበሪያ፣ የቱንም ያህል በትክክል ቢጽፍ፣ ለእኔ እንደማይሆነኝ የወሰንሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

የሦስተኛውን መተግበሪያ የመጀመሪያ ወር ክፍያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ በካርዷ ፈጸመችልኝና ሥራውን ጀመርሁ። ብዙም ሳልሄድ ችግር ገጠመኝ፦ ከመልእክቶቹ 23ቱ በዐረብኛ ፊደል ተጽፈው ወጡ። እሑድ ማታ ለደንበኞች አገልግሎት ኢሜይል ጻፍሁ። የጠበቅሁት «መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት» የሚል የተለመደ መልስ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የደረሰኝ ግን ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው መልስ ነው። ንግግሩ የሚጀምረው በስንተኛው ሰከንድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም የእናቴን ድምፅ እንዳልልክለት አሳሰበኝ፤ የግል ጉዳይ ስለሆነ በራሴ ድምፅ ተመሳሳይ ቅጂ ሠርቼ ብልክለት ይበቃዋል። እኔ ያላሰብሁትን የእናቴን ገመና እሱ ቀድሞ አሰበላት፤ ለዚህ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። እናቴ መቅጃውን ከነካች በኋላ ወዲያው አትናገርም፤ ደጅ ላለው ሰው መልስ ትሰጣለች፣ በር ትዘጋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው «ልጄ፣ እንዴት ሰነበትህ» የምትለው። መተግበሪያው ግን ቋንቋውን የሚገምተው ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ነው። ቋንቋውን በራሱ እንዲለይ ከመተው ይልቅ አማርኛ ብዬ አስቀድሜ እንድመርጥለት ነገረኝ፤ ከ23ቱ 19ኙ ተስተካከሉ። ስለ ሁለተኛው አቤቱታዬ፣ ማለትም ዝም በምትልባቸው ቦታዎች እሷ ያላለችው ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ ስለ መጻፉ፣ የመለሰልኝ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ይህ የሞዴሉ ጉድለት ነው፣ ለጊዜው መፍትሔ የለንም፣ ስለዚህ ሌሎች አሥር መልእክቶችን ሞክረው እስኪያዩት ድረስ የዓመቱን ክፍያ አይክፈሉ። ገንዘብ ሊቀበለኝ የተቀመጠ ሰው አትክፈል ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ ያመንሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እሱም በበኩሉ ስለ ሰዓት አቆጣጠራችን ጠየቀኝ። እናቴ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ስትል መተግበሪያው ከጽሑፉ በሚያወጣው ማጠቃለያ ላይ ከጠዋቱ 9፡00 እያለ ያስቀምጠው ነበርና፣ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋት እንደሚጀምርና ዘጠኝ ሰዓት በነሱ ከቀኑ 3፡00 እንደሆነ በሰፊው ጻፍሁለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔ ሳልጠይቅ ሁለት ነገር አሳወቀኝ፦ ዝምታን ቆርጦ የሚያወጣ ምርጫ ተጨምሯል፣ የሰዓቱ ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም። የዓመቱን ክፍያ የከፈልሁት ያን ቀን ነው።

እስካሁን 61 መልእክቶችን አርሜ ጨርሻለሁ። «ገና ሲደርስ» የሚለውንም ጆሮዬን እንዳላምን ብዬ እናቴን ራሷን ጠየቅኋት። የመለሰችልኝ እንደ ልማዷ በድምፅ ነው፤ በሩን ዘግታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ለበዓሉ ነው እንጂ ልጄ፣ ለጋውን ጠላ ማን ይጠጣዋል» አለችኝ። 141ኛው መልእክት ሆኖ ከ«ገና» አጠገብ ተቀምጧል።