የመመልከቻ ፉርጎው ወንበር

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር አካባቢ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ፣ በአውሮራ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አባቶችንና እናቶችን በካሊፎርኒያ ዜፈር ባቡር ወደ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ። ከቺካጎ ተነሥቶ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስካለችው ኤመሪቪል ድረስ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ይህ ባቡር፣ መስኮቶቹ ወደ ጣሪያው የሚታጠፉ፣ ወንበሮቹም ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ የመመልከቻ ፉርጎ አለው። ፉርጎው የተሳፋሪው ሁሉ የጋራ በመሆኑ ወንበሩ አስቀድሞ አይያዝም። የቢሯችን ቲኬት ሻጭ ግን "የመስታወቱ ፉርጎ ተይዞላችኋል" ብሎ ደረሰኙ ላይ ሳይቀር ጽፎላቸው ነበር።

ጠዋት ከዴንቨር ተነሥተን ወደ ፉርጎው ስንሄድ ከወንበሮቹ ብዙዎቹ ሰው ተቀምጦባቸዋል። አንድ አዛውንት ደረሰኛቸውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው "ልጄ፣ ሰውዬው ይነሣልኝ እንጂ" አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ ለባልንጀሮቻቸው ቦታ ለመያዝ ነጠላቸውን በሦስት ወንበሮች ላይ ዘረጉ፤ የባቡሩ ሠራተኛ መጥታ እንዲያነሡት በትሕትና ጠየቀቻቸው። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ትክክል እንዳልሆነ፣ ለዚያም ቢሮው መልስ እንደሚሰጥ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ቁጣው ወዲያው አልበረደም፤ ሊበርድም አይገባውም ነበር።

መፍትሔ የሆነን በ1928 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሞፋት ዋሻ ነው። ዋሻው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል (ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ብርዱን ይገምተዋል)። ባቡሩ በውስጡ ሲያልፍ የናፍጣው ጭስ ወደ ተሳፋሪው እንዳይገባ በፉርጎዎች መካከል ያለውን በር ከፍቶ መዘዋወር ስለሚከለከል፣ ዋሻውን የተራ ድንበር አድርገን ባገኘነው ወንበር ላይ ግማሾቹ እስከ ዋሻው፣ ግማሾቹ ከዋሻው ወዲያ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረብኩ። ማኅበር ለለመደ ሰው ተራ ማውጣት ከባድ ስላልሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ባለ ነጠላዋ እናት ደለደሉት።

ከዋሻው ስንወጣ ተቀያየሩ። ቀጥሎ ባቡሩ የኮሎራዶን ወንዝ ተከትሎ፣ አውራ ጎዳና በማይገባበት የጎር ሸለቆ ገደል ሥር ሲያልፍ እስከ ዋሻው ድረስ የተቀመጡት "የተሻለውን እነርሱ አዩት" ብለው አጉረመረሙ። በመልሱ ጉዞ ሸለቆው ከዋሻው በፊት ስለሚመጣ፣ ያንኑ ተራ ሳንለውጥ ይዘን ሸለቆው ለእነርሱ ደረሳቸው።

ቲኬት ሻጩ ስመለስ "ደንበኛ ለመሳብ ብዬ ነው" አለኝ። እኔም የአዛውንቱን ደረሰኝ ለአለቃችን አሳየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወንበር እንደማይያዝ በደረሰኙ ላይ በአማርኛ ይጻፋል።