በኦካቫንጎ፣ በአንዲት ፊኛ ሆድ ውስጥ

ከቦትስዋናዋ ከተማ ከማውን ወደ ኦካቫንጎ ዴልታ የወጣንበት መንገድ አቧራ በአቧራ ነበር። ሞኮሮ የሚሉት ጠባብ ታንኳ ውሃው ላይ ሲንሸራተት ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፣ ውሃው ግን ሞልቷል። ከአንጎላ ደጋ የተነሣው ጎርፍ ቦትስዋና የሚደርሰው በደረቁ ወራት ነው። ቀዛፊያችን ረጅሙን ዘንግ ጭቃው ላይ እየተከለ በደንገሉ መሃል ይገፋናል።

ጓደኞቼ ዝሆን ፍለጋ ዓይናቸውን ወደ ዳር ወርውረዋል። እኔ የመጣሁት ለዩትሪኩላሪያ ነው፤ ሥር ለሌለው፣ ለተንሳፋፊው ሥጋ በል ተክል።

ውሃው በተኛበት ጥግ አንድ ዘለላ አውጥቼ ነጭ ሳህን ላይ ዘረጋሁት። ክር በመሰሉት ቅጠሎች መሃል ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ ፊኛዎች ተደርድረዋል። ፊኛው ውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ሲያስወጣ ጎኖቹ ይሰረጉዳሉ። የውሃ ቁንጫ የምትባለው ደቃቅ የውሃ እንስሳ የፊኛውን በር ፀጉር ስትነካ በሩ ይከፈትና ውሃውን ከነቁንጫዋ ይስባል፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. እንስሳቱ ራሳቸው በሩን ገፍተው እንደሚገቡ ጽፎ ነበር። አልፈርድበትም፤ ዓይን የሚደርስበት ፍጥነት አይደለም።

ልቤን የወሰደው ግን የውስጡ ኑሮ ነው። ፊኛው ማንም ሳይነካውም አልፎ አልፎ ይከፈታል፤ ያኔ ባክቴሪያና አልጌ የሚባሉት ደቃቅ አረንጓዴ የውሃ ፍጡራን ይገባሉ። ውስጡ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፣ የተያዘች ቁንጫ ታፍና ትሞታለች። አሮጌ ፊኛ በመርፌ ቀድጄ ጠብታዋን በኪስ ማይክሮስኮፕ ሳያት ግን አረንጓዴ ነገሮች ይርመሰመሱ ነበር፤ ሽፋሽፍት በመሰሉ ፀጉሮቻቸው እየቀዘፉ የሚዞሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራን።

በ2017 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች መነሻው ከዚህ ዴልታ ከሆነ ዩትሪኩላሪያ ፊኛ ውስጥ ያገኙትን አዲስ ዝርያ ገልጸዋል፤ ስሙ ቴትራሂሜና ዩትሪኩላሪዬ ነው። ሰውነቱ ውስጥ አልጌ ይኖራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራል፣ ባለቤቱም ትንፋሹን ይዞ ይዞራል ማለት ነው! ምግቡ ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያውን ደግሞ ተክሉ ራሱ ከሠራው ስኳር ወደ ፊኛው እያፈሰሰ ይቀልበዋል። እንግዲህ ይህን «ወጥመድ» ብቻ ብሎ መጥራት ለእኔ ይጠብብኛል፤ ጓዳም ነው፣ በረትም ነው።

ቀዛፊው «ምን አገኘህ?» አለኝ። ማይክሮስኮፑን ሰጠሁት። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ረጅም ጊዜ አየ። ፀሐይዋ ደንገሉ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ ጓደኞቼ እንመለስ ይላሉ።

እሱ ዓይኑን ሳያነሣ «አንድ ሌላ ክፈትልኝ» አለ።